ፈጣን መኪናን በመም ብቃቱና በዋጋው እንዴት እንመዝናለን?

ፈጣን መኪና ለመግዛት የሚያስብ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያ የሚጠይቀው የሞተሩን የፈረስ ጉልበት፣ ቀጥሎም መኪናው ከቆመበት ተነሥቶ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ለመድረስ ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅበት ነው። እነዚህ ሁለት ቁጥሮች መኪናው በቀጥታ መንገድ ላይ የሚያደርገውን ይናገራሉ እንጂ ኩርባ በበዛበት የውድድር መም ላይ ፍሬን ሲያዝ፣ መሪ ሲጠመዘዝና ነዳጅ ሲሰጠው ምን እንደሚሆን አይነግሩም። መኪናው ብቃቱን ለስንት ዙር ይዞ እንደሚቆይና እያንዳንዱ ዙር ከባለቤቱ ኪስ ስንት እንደሚወስድ የሚገልጽ ቁጥርም በሻጭ ወረቀት ላይ አይገኝም። እኔ አንድን መኪና ለገንዘቡ የሚገባ ነው የምለው ዐሥረኛውን ዙር እንደ ሦስተኛው አድርጎ መድገም ሲችል፣ ይህንንም ባለቤቱን ሳያራቁት ሲያደርግ ነው፤ ከዚህ በታች ያለው የአመዛዘን ዘዴም በዚህ መለኪያ ላይ የቆመ ነው።

ምሳሌዎቼን በብዛት የምወስደው ከአሜሪካ ገበያ ነው። እዚያ መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው የራሱን የዘወትር መኪና ይዞ፣ ከፍሎ ወደ ውድድር መም የሚገባበትና ጀማሪ ከሆነም አሠልጣኝ አጠገቡ ተቀምጦ የሚነዳበት ‘ትራክ ዴይ’ የሚባል ዝግጅት በሰፊው የተለመደ ነው። በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለሚኖሩ ወገኖች በዌስት ቨርጂኒያ የሚገኘው የሰሚት ፖይንት መም በአንድ ቀን ደርሰው የሚመለሱበት ርቀት ላይ ነው፤ በኤምሬቶች ያሉትም የዱባይ አውቶድሮምና የአቡ ዳቢው ያስ ማሪና መም በቅርባቸው አላቸው። አገር ቤት ላለው አንባቢ ግን እ.ኤ.አ. ከ2024 መጀመሪያ ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ በመከልከሉ ከምጠቅሳቸው መኪኖች አብዛኞቹ የንባብ ጉዳይ ሆነው ይቀራሉ፤ መለኪያዎቹ ግን ለኤሌክትሪክ መኪናም ያገለግላሉ።

የታተመን የዙር ሰዓት ማንበብ

የጀርመኑ ኑርበርግሪንግ መም የመኪና አምራቾች ሁሉ የሚፎካከሩበት ቦታ ስለሆነ በየማስታወቂያው የሚጠቀሰው የዙር ሰዓት ብዙውን ጊዜ ከዚያ የመጣ ነው። ችግሩ ሁለት ሰዓቶችን አስተያይቶ አንዱ ከሌላው ይበልጣል ማለት እንደሚመስለው ቀላል አለመሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ሬኖ ሜጋን አር ኤስ ትሮፊ አር የተባለው መኪና ቀድሞ በተለመደው የ20.6 ኪሎ ሜትር አለካክ 7 ደቂቃ ከ40.1 ሰከንድ፣ ሙሉውን 20.832 ኪሎ ሜትር በሚያካትተው አለካክ ደግሞ 7 ደቂቃ ከ45.389 ሰከንድ ተመዝግቦለታል። መኪናው ያው ነው፤ ከአምስት ሰከንድ በላይ የሆነው ልዩነት የመጣው ሰዓቱ የሚጀምርበትና የሚቆምበት መስመር ስለተለያየ ብቻ ነው። እንግዲህ የአንዱን መኪና የአጭሩን ርዝመት ሰዓት ከሌላው የሙሉ ርዝመት ሰዓት ጋር አስተያይቶ ገንዘቡን የሚያወጣ ሰው ከመነሻው ተሳስቷል።

ሆንዳ ሲቪክ ታይፕ አር እ.ኤ.አ. በ2023 ሙሉውን ርዝመት በ7 ደቂቃ ከ44.881 ሰከንድ ሲያጠናቅቅ ሜጋኑን በግማሽ ሰከንድ ያህል በለጠው። እዚህ ላይ ሊጠየቅ የሚገባው፣ የትኛው ፈጠነ ከሚለው ይልቅ፣ የትኛው ምን ይዞ ፈጠነ የሚለው ነው። ሜጋኑ 500 ብቻ የተመረተ፣ የኋላ ወንበሩ የተነሣና ከመደበኛው ትሮፊ በ130 ኪሎ ግራም የቀለለ ነበር፤ ሲቪኩ ደግሞ አራት ሰው የሚጭን፣ ልጆችን ትምህርት ቤት አድርሶ ወደ ሥራ የሚያስኬድ መኪና ነው። በሌላ በኩል ሲቪኩ ያንን ሰዓት ያስመዘገበው ፓይለት ስፖርት ካፕ 2 ኮኔክት በሚባለው፣ ለመም ተብሎ በተሠራ የሚሽሊን ጎማ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ከሻጭ ሲወጣ የሚጫማው ፓይለት ስፖርት 4 ኤስ ግን ለመንገድ የተሠራ ጎማ ነው። ስለዚህ ገዢው የገዛው መኪና በማስታወቂያው ላይ ያየው ሰዓት ላይ የሚደርሰው ተጨማሪ ጎማ ሲገዛለት፣ የነዳውም የፋብሪካው ባለሙያ ሲሆን ነው።

ለማነጻጸር የበለጠ የሚያመቸው ካር ኤንድ ድራይቨር የተባለው የአሜሪካ መጽሔት እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በቨርጂኒያ ኢንተርናሽናል ሬስዌይ የሚያካሂደው ‘ላይትኒንግ ላፕ’ የተባለ ፈተና ነው፤ ምክንያቱም 6.6 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን ያንኑ መም የሚነዱት የመጽሔቱ የራሱ ባልደረቦች ሲሆኑ መኪኖቹም በዋጋ ደረጃ ይመደባሉ። ያም ሆኖ የአየሩ ሙቀትና የመሙ ሁኔታ ከዓመት ዓመት ስለሚለያይ በተለያዩ ዓመታት በተመዘገቡ ሰዓቶች መካከል ያለን የአንድ ወይም የሁለት ሰከንድ ልዩነት እንደ ፍርድ አልቆጥረውም። የቦታው ከፍታም ይረሳል። በዴንቨር አካባቢ ለሚነዱ ወገኖች አየሩ ከባሕር ጠለል ይልቅ ወደ 15 በመቶ የሳሳ በመሆኑ ቱርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ጉልበቱ በዚያው ልክ ይቀንስበታል፣ ቱርቦ ያለው ግን አብዛኛውን ያካክሳል፤ በዝቅተኛ ቦታ እኩል የነበሩ ሁለት መኪኖች እዚያ እኩል አይሆኑም።

ክብደት፣ ጎማና ፍሬን

ከፈረስ ጉልበት በፊት ክብደትን ይመልከቱ። 1,300 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ሲበር 2 ሜጋ ጁል ያህል የእንቅስቃሴ ጉልበት ይሸከማል፤ 1,900 ኪሎ ግራም የሚመዝነው በዚያው ፍጥነት 2.9 ሜጋ ጁል ገደማ ይሸከማል። መኪናው እንዲቆም ይህ ጉልበት ከሞላ ጎደል ወደ ሙቀት ተለውጦ በፍሬን ዲስኮችና ሸራዎች ላይ ያርፋል፤ በየኩርባው፣ በየዙሩ ይደጋገማል። ከባዱ መኪና ትልቅ ሞተር ስላለው በቀጥታው መንገድ ይካስ ይሆናል፣ ነገር ግን ጎማውንና ሸራውን የሚበላው ያው ክብደት ስለሆነ ሂሳቡ ኋላ ይመጣል።

በአሜሪካ ገበያ የሚሸጥ ጎማ በጎኑ ላይ ‘ትሬድዌር’ የሚባል፣ ጎማው ምን ያህል ሳያልቅ እንደሚቆይ የሚያመለክት ቁጥር ታትሞበታል። ቁጥሩ ሲያንስ ጎማው በአመዛኙ ለስላሳና የሚይዝ፣ ቶሎም የሚያልቅ ነው፤ ለመም የተሠሩት ብዙውን ጊዜ 200 እና ከዚያ በታች፣ የመንገድ ስፖርት ጎማዎች 300 አካባቢ ናቸው። ቁጥሩን አምራቾቹ ራሳቸው ስለሚሰጡት የአንዱን ብራንድ 200 ከሌላው 200 ጋር ፍጹም እኩል አድርጎ መውሰድ አይገባም፤ ሆኖም ሁለት መኪኖችን ሲያወዳድሩ አንደኛው በ180 ሌላው በ340 ጎማ ተነድቶ ከሆነ ያወዳደሩት ጎማዎቹን ነው ማለት ይቻላል። የመጀመሪያው ትውልድ ቶዮታ 86 እ.ኤ.አ. በ2012 ሲወጣ ቶዮታ ለፕሪየስም ይጠቀምበት የነበረውን ሚሽሊን ፕራይመሲ ጎማ ተጫምቶ ነበር፤ በሰዓት መለኪያ ተመዝኖ ዝቅ ማለቱ አያስገርምም፣ ነገር ግን የተሻለ ጎማ በተጫማ ጊዜ የሻሲው ጥሩነት ወዲያው ይገለጥ ነበር። በጎማ የሚስተካከል ድክመት ርካሽ ድክመት ነው፤ በክብደት የመጣ ድክመት ግን አይስተካከልም።

የአንድ ስም ሁለት መኪናም አለ። የሼቭሮሌ ኮርቬት ሲ 8 ዜድ 51 የሚባለው ተጨማሪ ጥቅል ሲኖረው ትልልቅ ፍሬኖች፣ ተጨማሪ ማቀዝቀዣ፣ በኤሌክትሮኒክስ የሚታዘዝ ዲፈረንሻል (የሞተሩን ጉልበት ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያካፍለው ክፍል) እና የተሻለ ጎማ ይዞ ይመጣል፤ ያለ ጥቅሉ የሚሸጠው በመልክ ያው ቢሆንም መም ላይ ያው አይደለም። የመሠረታዊውን ዋጋ ከአንዱ ገጽ፣ የዙሩን ሰዓት ከሌላ ገጽ ወስዶ ማጋባት በግምገማዎች ውስጥ ከሚገጥሙ ማደናገሪያዎች ሁሉ የተለመደው ነው።

መም ላይ መኪናውን መፈተን

ፈተናው የሚጠቅመው ነጂው፣ ቀኑና ከተቻለም የጎማው ዓይነት አንድ ሲሆን ነው። ከመውጣትዎ በፊት የአራቱንም ጎማዎች ነፋስ ቀዝቅዘው ሳለ ለክተው ይጻፉ፤ ጎማ ሲሞቅ ነፋሱ ስለሚጨምር ከመሙ እንደወጡ ድጋሚ ይለኩና በሙቅነቱ ጊዜ ሊኖር ወደሚገባው መጠን ያስተካክሉ። የዙር ሰዓት ለመያዝ በስልክ ውስጥ ካለው ጂፒኤስ ይልቅ በሰከንድ ዐሥር ጊዜና ከዚያ በላይ የሚያነብ የውጭ ጂፒኤስ መሣሪያ ይጠቀሙ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዙሮች የማሟሟቂያ ስለሆኑ ይጣሉ፤ ከሦስተኛው ጀምሮ ያሉትን መዝግበው በሦስተኛውና በዐሥረኛው መካከል ያለውን ልዩነት ይመልከቱ። አንድ የትራክ ዴይ ምድብ ብዙውን ጊዜ 20 ደቂቃ ስለሚቆይ ዙሩ ከሁለት ደቂቃ በታች በሆነበት መም ዐሥር ዙር ይሞላል፤ ረዘም ባለው ላይ ደግሞ የምድቡን የመጨረሻ ዙር በዐሥረኛው ምትክ ይውሰዱ። እየነዱ ሳለ ማሻሻልዎ አይቀርምና ሰዓቱ ባለበት ከቆመ መኪናው ትንሽ ደክሟል ማለት ነው፤ በሁለት ወይም በሦስት ሰከንድ ከዘገየ ግን የደከመው ምን እንደሆነ መፈለግ ይገባል።

አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚደክመው ፍሬን ነው፤ ድካሙም ሁለት መልክ ስላለው መለየት ያስፈልጋል። ፔዳሉ እንደ ወትሮው ጠንካራ ሆኖ ሳለ መኪናው ግን እንደ ቀድሞው የማይቆም ከሆነ ሸራው ከሚችለው ሙቀት አልፏል ማለት ነው። ፔዳሉ ለስልሶ ወደ ወለሉ የሚወርድ ከሆነ ደግሞ የፍሬን ዘይቱ ፈልቶ እንፋሎት አበጅቷል፤ ይህ የመጀመሪያው ምልክቱ እንደታየ ቀስ ብሎ ከመሙ መውጣትን የሚጠይቅ አደገኛ ሁኔታ ነው። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ በ205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ዶት 4 ደግሞ ቢያንስ በ230 ይፈላል፤ ነገር ግን ሁለቱም ከአየር እርጥበት ስለሚስቡ ውኃ የጠጣ ዶት 4 የመፍያ ነጥቡ ወደ 155 ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ፍሬኑ ደካማ ነው ብሎ በመኪናው ላይ ከመፍረድ በፊት ዘይቱ መቼ እንደተቀየረ መጠየቅ ይገባል። የዘይት ለውጥ ጥቂት ዶላር የሚያስወጣ፣ ጥሩ የመም ሸራ መቀየርም በመጠኑ የሚቻል ነገር ነው፤ ዲስኩ ለመኪናው ክብደት ያነሰ ከሆነ ግን መፍትሔው ውድ ነው።

ቀጥሎ አያያዙን በኩርባው ሦስት ክፍሎች ከፍለው ይፈትኑ። ወደ ኩርባው ሲገቡ ፍሬኑን ቀስ በቀስ እየለቀቁ መሪውን ሲያዞሩ አፍንጫው ወዲያው ይታዘዛል ወይስ ይዘገያል? ኩርባው መካከል ላይ፣ ነዳጅም ፍሬንም ሳይጨምሩ፣ መኪናው የያዘውን መስመር ይጠብቃል ወይስ ወደ ውጭ ይገፋል? ሲወጡ ነዳጅ ሲሰጡት የውስጠኛው ጎማ በከንቱ ይሽከረከራል ወይስ ጉልበቱ ወደ መንገዱ ይተላለፋል? የመጨረሻው ጥያቄ መልስ በአመዛኙ የዲፈረንሻሉ ነው፤ በፊት እግሩ የሚሳብ መኪና ሜካኒካዊ መገደቢያ ያለው ዲፈረንሻል ከሌለው ከዝግተኛ ኩርባ ሲወጣ ጎማ ያቃጥላል እንጂ አይፈጥንም። መካከለኛው ክፍል ላይ መኪናው ጥቂት ወደ ውጭ የሚገፋ ቢሆን እንደ ጥፋት አልቆጥረውም፤ ፋብሪካዎች ለጀማሪ ነጂ ደኅንነት ሲሉ ሆን ብለው እንደዚያ ያስተካክሉታል፣ በአላይመንትም በከፊል ይታረማል። ኩርባ መካከል ነዳጅ በድንገት ሲለቀቅ ኋላው ያለ ማስጠንቀቂያ የሚወጣ መኪና ግን፣ ልምድ ያለው ነጂ ፈጣን ሰዓት ቢያወጣበትም፣ እርስዎ አያወጡበትም።

ሰፊ ባዶ ስፍራ ሲገኝ ኩርባ የመያዝ አቅምን በቁጥር ማግኘትም ይቻላል። 30 ሜትር ራዲየስ ያለው ክብ ተሠርቶ መኪናው ሳይንሸራተት አንዱን ዙር በ11.5 ሰከንድ ቢዞር የጎን ፍጥነት ለውጡ 0.91 ጂ ይሆናል (1 ጂ ከመሬት ስበት ጋር እኩል ነው)፤ ስሌቱ 39.5 በራዲየሱ ተባዝቶ ሰከንዱ በራሱ ሲባዛ ለሚገኘው ቁጥር ከተካፈለ በኋላ ውጤቱን ለ9.81 ማካፈል ነው። ይህ ቁጥር ግን ከሁሉ በላይ ጎማውን የሚለካ በመሆኑ ብዙ አልመካበትም።

ከጎማው ራሱ የሚነበበው የተሻለ ይናገራል። ከመሙ እንደወጡ የጎማውን ሙቀት በውስጥ ጠርዝ፣ በመካከልና በውጭ ጠርዝ ይለኩ። የውጩ ጠርዝ ከሌላው በእጅጉ ከሞቀና ከተላጠ ጎማው ኩርባ ላይ ቀጥ ብሎ አይቆምም ማለት ነው። የፊት ጎማዎቻቸውን የሚይዘው ክፍል (ሳስፔንሽኑ) ማክፈርሰን በሚባለው ስልት የተሠራ መኪኖች አካላቸው ሲያዘነብል ይህ ጠባይ ያጠቃቸዋል፤ እንደ ማዝዳ ኤም ኤክስ 5 ባለ ሁለት ክንድ የሆኑት በተሻለ ይቋቋሙታል። ፋብሪካው የጎማውን ዘንበልታ ለማስተካከል ምን ያህል ቦታ እንደተወ ከመግዛትዎ በፊት ይጠይቁ፣ ምክንያቱም ይህ ትንሽ የሚመስል ነገር አንድ ጎማ ሦስት ቀን ወይም ስድስት ቀን እንዲቆይ ሊወስን ይችላል።

የአንድ ሰዓት ዋጋ

መኪናው ለገንዘቡ የሚገባ መሆን አለመሆኑ የሚታወቀው የግዢውን ዋጋ በፈረስ ጉልበት በማካፈል አይደለም። እኔ የምጠቀምበት መለኪያ መኪናው መም ላይ ለሚነዳበት ለአንዱ ሰዓት ስንት እንደሚያስወጣ ማስላት ነው። የሚከተሉት ቁጥሮች ስሌቱን ለማሳየት የተወሰዱ ግምቶች ናቸው። በዓመት ስድስት ቀን፣ በቀን አንድ ሰዓት ተኩል፣ ለሦስት ዓመት ቢነዱ 27 ሰዓት ይሆናል። በ32,000 ዶላር ተገዝቶ ከሦስት ዓመት በኋላ በ23,000 የሚሸጥ ቀላል መኪና 9,000 ዶላር ያስከፍላል፤ በየስድስት ቀኑ 1,000 ዶላር የሚያወጣ ጎማና 500 ዶላር የሚያወጣ ሸራ ቢቀየርለት ሌላ 4,500 ይጨመራል፤ ድምሩ 13,500፣ ለሰዓት 500 ዶላር ነው። በ75,000 ተገዝቶ በ50,000 የሚሸጥ፣ በየአራት ቀኑ የ2,000 ዶላር ጎማና የ1,200 ዶላር ሸራ የሚጨርስ ከባድ መኪና ደግሞ 39,400 ዶላር ይደርሳል፤ ለሰዓት 1,459 ማለት ነው። የዋጋቸው ልዩነት ከሁለት እጥፍ ጥቂት የሚያልፍ ሆኖ ሳለ የሰዓቱ ዋጋ ወደ ሦስት እጥፍ ተጠጋ። መኪናውን በየቀኑም የሚነዱት ከሆነ ከዋጋ መውረዱ ተገቢውን ድርሻ ብቻ ወደ መሙ ሂሳብ ያግቡ።

በዚህ ላይ ነዳጅ፣ የመግቢያ ክፍያና ኢንሹራንስ ይጨመራሉ። በአሜሪካ ብዙ የመኪና ኢንሹራንስ ውሎች በውድድር መም ላይ የደረሰን ጉዳት ስለማይሸፍኑ ለአንድ ቀን ብቻ የሚገዛ ልዩ ሽፋን አለ፤ የሚከፈለውም መኪናው በሚያወጣው ዋጋ ልክ ስለሆነ ውድ መኪና እዚህም ይበልጥ ያስከፍላል። የፋብሪካው ዋስትና ስለ መም አጠቃቀም ምን እንደሚል ከሻጩ አንደበት ሳይሆን ከውሉ ላይ ያንብቡ።

አሁን ወደ መኪኖቹ ስንመጣ፣ 30,000 ዶላር አካባቢ ለሚያወጣ ሰው ምርጫው ከቶዮታ ጂ አር 86 እና ከማዝዳ ኤም ኤክስ 5 አይወጣም ብዬ አምናለሁ። የመጀመሪያው 2.4 ሊትር ሞተር፣ 228 የፈረስ ጉልበትና ወደ 1,280 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ክብደት አለው፤ ሁለተኛው 181 የፈረስ ጉልበት ብቻ ቢኖረውም ክብደቱ 1,070 ገደማ ስለሆነ ጎማና ሸራ የሚበላው እጅግ በጥቂቱ ነው። ኤም ኤክስ 5 ክፍት ጣሪያ ስለሆነ አንዳንድ መሞች መኪናው ቢገለበጥ ነጂውን የሚከላከል ብረት እንዲገጠምለት ይጠይቃሉ፣ ረጅም ሰውም የራስ ቁር አድርጎ ሲገባ ይቸገራል፤ በዚህ ምክንያት ጂ አር 86 ን አስቀድማለሁ። ታይፕ አር 315 የፈረስ ጉልበትና ወደ 1,450 ኪሎ ግራም ክብደት ይዞ ከሁለቱም ይፈጥናል፤ ዋጋው ግን ከ40,000 ዶላር በላይ ነው፣ መታጠፉም መሳቡም በፊት እግሮቹ ላይ ስለሚያርፍ የፊት ጎማዎቹ ቶሎ ይሄዳሉ። ቤተሰብ ያለውና አንድ መኪና ብቻ የሚገዛ ሰው ያንን ወጪ ቢቀበለው አልፈርድበትም። ኮርቬት ሲ 8 በዜድ 51 ጥቅሉ ከዋጋው በላይ የሚሠራ መኪና መሆኑ እውነት ነው፤ ያም ሆኖ ለጀማሪ አልመክረውም፣ 495 የፈረስ ጉልበት ያለው መኪና ነጂው በኩርባ ያጠፋውን በቀጥታው መንገድ ስለሚሸፍንለት ጥፋቱን ሳያውቀው ይኖራል።

ከኤሌክትሪኮቹ ሂዩንዳይ አዮኒክ 5 ኤን ለመም ታስቦ የተሠራ መሆኑ ይታያል፤ ሞተሮቹ ራሳቸው እስከ 0.6 ጂ ድረስ እያቀዘቀዙ ኃይል ወደ ባትሪው ስለሚመልሱ የፍሬኑ ሸራ ይድናል። ክብደቱ ግን 2,200 ኪሎ ግራም ገደማ ስለሆነ ጎማው የሚከፍለው ዕዳ አለበት። ኤሌክትሪክ መኪና ሲፈትኑ በዐሥሩ ዙር መካከል የባትሪውን ሙቀትና የሚሰጠውን ጉልበት ይከታተሉ፤ ባትሪው ሲሞቅ ኮምፒውተሩ ጉልበት ይቀንሳል፣ ያ ቅነሳ በስንተኛው ዙር እንደሚጀምር ማወቅ ከፍተኛውን የፈረስ ጉልበት ከማወቅ ይበልጣል። መሙ ቅጥር ግቢ ውስጥ ፈጣን መሙያ መኖር አለመኖሩንም አስቀድመው ይጠይቁ።

ያገለገለ መኪና የሚገዙ ከሆነ መም ላይ መነዳቱ ብቻውን የማያስገዛ ምክንያት አይደለም፤ ዘይቱን በጊዜው የሚቀይር የመም ነጂ ሞተሩን ሳያሞቅ ጎዳና ላይ ከሚያስጮህ ሰው ይሻላል። ቸርኬዎቹን አስወልቀው በዲስኮቹ ገጽ ላይ የፀጉር ያህል ስንጥቅ መኖሩን፣ የፍሬን ዘይት ማስተንፈሻ ብሎኖቹ ደጋግመው የተፈቱ መሆናቸውን፣ የጎማዎቹም የውጭ ጠርዝ መላጡን ይመልከቱ። እነዚህ ምልክቶች እያሉ ባለቤቱ መኪናው መም አይቶ አያውቅም ካለዎት ስለ ሌላው ሁሉ የሚነግርዎትንም በዚያው ልክ ይቀበሉት። አልደበቀም፣ የዘይትና የሸራ ለውጡንም በደረሰኝ ካሳየዎት ደግሞ ከዋጋው ላይ የአዲስ ዲስክና የአዲስ ጎማ ወጪ አስቀንሰው ይግዙት።